ሙዝ ስላፈራው እንሰት ለርዕሰ መምህርታችን የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ ወ/ሮ ተናኘወርቅ
የመዋዕለ ሕፃናታችን ርዕሰ መምህርት
ቡታጅራ

ክብርት ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በትሕትና እጠይቃለሁ። በየካቲቱ የፕሮጀክት አውደ ርእይ ዕለት እንግዶችን ከውጭ በር እስከ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ እስከ ምሳው ድንኳን ሲያመላልሱ ስለዋሉ፣ እግርዎን ጎድቶዎት እንዳይሆን እኔና ባለቤቴ ዘነበወርቅ ስንሰጋ ከርመናል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ልጃችን ሲፈንም በልታ ታድራለች፣ አታስልም፣ ትኩሳትም የላትም፤ ከዚያ ዕለት ወዲህ ግን አምስት ዓመት ከስምንት ወር የሆናት ይህች ልጅ አንድ ነገር ከመናገሯ በፊት የሰው ፊት ማየት ጀምራለች። ይህን የሚያክም ሐኪም ስላላገኘሁ ወደ እርስዎ መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ከድፍረት አይደለም። ከዚህ ቀደም በልጄ የመገናኛ ደብተር ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር። ሁለቱ «ታይቷል» የሚል ክብ ማኅተም ብቻ ታትሞባቸው ተመለሱ፤ ሦስተኛው የጽሑፍ መልስ አግኝቷል፣ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ማኅተሙ ማየቱን አልጠራጠርም፤ እርስዎ ማየትዎን ግን ማረጋገጥ ስላልቻልሁ፣ የሰፈሩ ሰው አብሮ ያይልኝ ብዬ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም ያልጠቀስሁት በአክብሮት ሲሆን፣ በአጥሩ ላይ በሦስት ቀለም ስለተጻፈ የሚቸገር አንባቢ ይኖራል ብዬም አልገምትም።

ስሜ ያረጋል ነው። ከጎጃም በሥራ ዝውውር ወደዚህ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ፤ የምሠራው በመዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤት የከረመ ሰው ተጠራጣሪ ይሆናል፤ በአሥር ሰው ስም የቀረቡ አሥር ማመልከቻዎች በአንድ እጅ ጽሕፈት ተጽፈው ያየ ዓይን፣ ሰውየው ከሥራ ሲወጣም አያርፍም። ስለዚህ ከዚህ በታች የምዘረዝረውን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ሥራ ጠባይ እንዲቆጥሩልኝ እለምናለሁ።

1ኛ. በመስከረም ወር ለወላጆች ስላደሉት በራሪ ወረቀት አመሰግናለሁ። በፕሮጀክት ላይ የተመሠረተ ትምህርት የሕፃናትን አእምሮ እንደሚያሳድግ፣ ሕፃኑ እንደሚጠይቅ፣ እንደሚመረምር፣ በእጁ እንደሚሠራና ያገኘውን በሰው ፊት እንደሚያቀርብ ይናገራል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ሳነበው ዕንባዬ መጥቶ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት በኩርኩም ነው፤ ለምን ብሎ የጠየቀ ልጅ በእኛ ዘመን አፈ ጮሌ ይባል ነበር። ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍሁት። እስካሁን አላነሳሁትም፤ ነገር ግን አሁን የማነበው እንደ ሰነድ ማስረጃ ነው።

2ኛ. በጥር ወር የኬጂ ሦስት ልጆች ፕሮጀክት «እንሰት» ሆነ። የክፍሉ መምህርት ፈቲሀ እንደ እኔ ወረቀቱን አምነው ነበርና፣ ልጆቹ እንሰት እንዴት እንደሚበዛ ቤተሰብ ጠይቀው እንዲመጡ አዘዙ። ሲፈን እሑድ ዕለት በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ከሚኖሩት አያቷ ከአቶ ገሠሠ ዘንድ ሄደች። አማቼ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው፤ ለልጅ ልጃቸው ግን አንድ ወጣት እንሰት ከነሥሩ ነቅለው፣ ግንዱን ከሥሩ ጥቂት ከፍ አድርገው ቆርጠው፣ የመካከሉን እምብርት በቢላ አውጥተው፣ ባዶውን በአፈርና በፍግ ሞሉላት። እምብርቱ ካልወጣ አንድ ሆኖ እንደሚቀር፣ ከወጣ ግን ከአንዱ ሥር ብዙ እንደሚወለድ ነገሯት። ቀብረሽው ሁለት ወር ጠብቂ፣ ደግሞ በቅሎ እንደሁ ብለሽ እየገለጥሽ አትይ ብለውም አስጠነቀቋት።

ልጄ ያንን ጭቃ የለበሰ ሥር በባጃጅ ላይ ከእሑድ ቀሚሷ ጋር አቅፋው መጣች። ቀሚሱ ቀሚስ መሆኑ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ከውኃው ሮቶ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት፤ መምህርት ፈቲሀም በየቀኑ እየወሰዱ አሳዩአቸው፣ አስጠየቋቸው፣ አሳሏቸው። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሲፈን ይዛብኝ የመጣችው ጥያቄ ብዛት! እንሰቱ እዚያ ውስጥ ተኝቷል ወይ፣ በጨለማ ውኃ ይጠጣል ወይ፣ ወደ ላይ የትኛው እንደሆነ ማን ይነግረዋል? የመጨረሻዋን መመለስ ስላቃተኝ ከሥራ ቦታ ወደ አማቼ ደወልሁ፤ እሳቸውም ይህን ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ። ክብርት ሆይ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ከሽሙጥ ነጻ አድርጌ ነው የምጽፍልዎ።

3ኛ. በሦስተኛው ሳምንት በመገናኛ ደብተሩ መልእክት መጣ። ከበላይ እንግዶች ስለሚመጡ እያንዳንዱ ልጅ የእንሰት ሞዴል «በወላጅ ትብብር» ሠርቶ እስከ ዓርብ እንዲያመጣ፣ ከሮቶው ጀርባ ያለው ጉድጓድም ውጤት ስላላሳየና የግቢውን ገጽታ ስለሚያበላሽ እንዲደፈን ይላል። ስለ ቅልጥፍናዎ ያለኝን አድናቆት መግለጽ አለብኝ፤ ፈጣሪ ሁለት ወር የቆረጠለትን ሥራ በሦስት ሳምንት ገምግሞ የዘጋ ኃላፊ በሀገራችን ብዙ የለንም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም የሚለውን ተረት አባቶች ለእራት ብቻ የተናገሩት ይመስለኝ ነበር፤ ለአውደ ርእይም እንደሚሠራ ከእርስዎ ተማርሁ።

4ኛ. ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ያለው ወጣት ምንተስኖት «የተማሪ ፕሮጀክት በአስቸኳይ እንሠራለን» የሚል ባነር ሰቅሏል። ባነሩ የተሰቀለው ማክሰኞ ነው፤ መልእክትዎ ወደ እኛ የመጣው ሐሙስ ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም አልወድም፤ ነገር ግን ማክሰኞ ከሐሙስ እንደሚቀድም በመዝገብ ቤት ውስጥ የታወቀ ነው። ምንተስኖትን በሰላም ጠየቅሁት፤ ናሙናው ሥዕል ከትምህርት ቤቱ እንደመጣለት በሰላም መለሰልኝ። ናሙናውን ማን እንዳመጣው ስጠይቀው ግን ደንበኛ መጣብኝ ብሎ ፊቱን አዞረ። ደንበኛ አልነበረም፤ ቆሜ አይቻለሁ።

እዚህ ላይ የራሴንም ኃጢአት ልናዘዝ። እኔም ተሰልፌ ለልጄ አንድ አዝዤላታለሁ። ዓርብ ማለዳ ስናወጣው ከፎም የተሠራ፣ በሙጫ የተጣበቀ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለው እንሰት ሆኖ፣ ከመካከሉ ቢጫ የሙዝ ዘለላ ተንጠልጥሎበታል። ሲፈን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ማን ሙዝ እንደሰቀለበት ጠየቀችኝ። እኔም ለምን እንደምትስቅ በሚገባ አውቅ ነበር። ቡታጅራ በመጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ገና አማቼ ባልሆኑት በአቶ ገሠሠ ጓሮ ቆሜ፣ ይህ ሁሉ ሙዝ መቼ እንደሚበስል በአክብሮት የጠየቅሁ ሰው ነኝ። ጓሮው በሙሉ ሳቀብኝ፤ ዛሬም በዘመድ ሠርግ ላይ ሙዙ መጣ እየተባልሁ ወንበር ይለቀቅልኛል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ልጄን ዝም ብለሽ ያዢው አልኋት። እሷ አልይዝም ብላ ጠረጴዛ ላይ ጥላው ሄደች። እንግዲህ ለአንድ ማለዳ ያህል እኔም የእርስዎ የሥራ ባልደረባ ነበርሁ ማለት ነው።

5ኛ. አውደ ርእዩ እጅግ ያማረ ነበር። ሠላሳ አንድ እንሰቶች፣ ቁመታቸው እኩል፣ ሙጫቸው አንድ፣ ሁሉም ሙዝ ያፈሩ፣ በነጭ ጠረጴዛ ላይ በመስመር ቆመዋል። በየፊታቸው የልጆቹ ስም ተጽፏል፤ ልጆቹ ግን እንዳይነኩ በገመድ ተከልለዋል። አንደኛ የወጣው ልጅ የራሱን ሥራ በእጁ ልያዝ ብሎ አልቅሶ እንደነበር አይተዋል ብዬ አስባለሁ፤ ከእርስዎ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርና። ዳኞቹ አራት ነበሩ፤ አራቱም ቆጮ በልተው ያደጉ የዚሁ አካባቢ ልጆች ናቸው። የክብር እንግዳው ሕፃናቱ የአካባቢያቸውን ተክል እንዲህ ጠንቅቀው ማወቃቸው እንዳስደሰታቸው ተናግረው፣ ሙዝ ካፈራው እንሰት ጋር ፎቶ ተነሡ። ተጨበጨበ። ሳላጨበጭብ አልቀረሁም።

ያን ጊዜ ሲፈን እንዳስተማራችኋት እጇን አወጣች። እንዳስተማራችኋትም እስኪፈቀድላት ጠበቀች። የሚፈቅድላት ሲጠፋ ቆማ፣ እንሰት ሙዝ እንደማያፈራ፣ እውነተኛው እንሰት ከሮቶው ጀርባ ተኝቶ እንዳለ ተናገረች። ጉድጓዱ መደፈኑን አልነገርናትም ነበር። ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ ሳቁ፤ እርስዎም በማይክሮፎኑ ልጆች ናቸው እንግዲህ ብለው መምህርቷ ይዘዋት እንዲወጡ በዓይንዎ ጠቀሱ። በሩ ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ ፈለገችኝ። እኔ ወንበሬ ላይ ነበርሁ።

ማቀዝቀዣዬ ላይ ያለውን ወረቀት በቃሌ ስለማውቀው እዚያው ተቀምጬ አመሳከርሁት። የጠየቀች፣ የመረመረች፣ በእጇ የሠራችና ያገኘችውን በሰው ፊት ያቀረበች አንድ ልጅ በዚያ አዳራሽ ነበረች፤ በክንዷ ተይዛ የወጣችውም እሷ ናት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የማያውቅ ሰው አያስፈራኝም፤ እኔም አላውቅም ነበር፣ በአንድ ከሰዓት ተምሬአለሁ። እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ክብርት ሆይ፣ ያደጉት ከአማቼ ጓሮ ሁለት አጥር አልፎ ባለው ቤት ነው። እናትዎ እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው ተቀምጠው እንዳደጉ አማቼ ያስታውሳሉ። ስለዚህ ያን ቢጫ ዘለላ ሲያዩ አላወቁም ብዬ ልጠርጥር ብል ጥርጣሬዬ ራሱ እምቢ ይለኛል። አራቱ ዳኞችም ያውቃሉ፤ ወላጁም ያውቃል። መቶ ሰው የሚያውቀውን ነገር መቶ ሰው ዝም ብሎ፣ አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ ብቻዋን እንድትናገረው የተደረገበትን ምክንያት ነው ስመረምር የከረምሁት። ያገኘሁት መልስ እንግዳው ቀድመው ስላመሰገኑ የሚል ብቻ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ካለዎት በደስታ እቀበላለሁ።

6ኛ. መምህርት ፈቲሀ በቀጣዩ ሳምንት ሕፃናት ከምሳ በኋላ ወደሚተኙበት ክፍል መዛወራቸውን ሰምተናል፤ የተኛ ልጅ ስለማይጠይቅ ለሁሉም ወገን የሚበጅ ውሳኔ ነው።

7ኛ. በውጤት ካርዱ ላይ «የአእምሮ ዕድገት» በሚለው ሥር፣ ከቡድን ጋር እንደማትስማማ፣ ታላላቆችን እንደምታርም፣ ክትትል እንደሚያስፈልጋትና ወደ አንደኛ ክፍል ስለማለፏ ገና እንደሚታይ ሰፍሮ አገኘን። ይህን በመቃወም ለጻፍሁት፣ ያ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ማለት ነው፣ እንሰት በሳይንስ የሙዝ ዘመድ መሆኑን የሚገልጽ ባለ ቁጥር መልስ ሰጥተውኛል። ስለ ዕውቀቱ አመሰግናለሁ። አህያም የፈረስ ዘመድ ናት፤ ለጉግስ የሚጭናት ግን አላየሁም። ለጥንቃቄ ያህል አማቼንም ጠይቄአለሁ፤ እንሰት አርጅቶ ሲያብብ እንኳ የሚያወጣው ዘር ብቻ የሞላበት፣ ሰው የማይበላው ነገር እንደሆነ፣ ጨዋ ባለ ጓሮም እዚያ እስኪደርስ እንደማይጠብቀው ነግረውኛል።

ካርዱን ግን ተውሁት። ካርድ ወረቀት ነው፤ ወረቀት እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ በሌላ ቀን የሆነው ነው። ከፋሲካ በኋላ ሲፈን ወለሉ ላይ ተቀምጣ እንሰት ትስል ነበር። ቅጠሉን አሳመረችው፤ በመካከሉ የሚያልፈውን ቀይ መስመር ሳይቀር አልረሳችውም፤ ግንዱንም ከታች ወፈር አደረገችው፣ አያቷ ጓሮ እንዳየችው። ከዚያ ቢጫውን ቀለም አነሳች። ቀና ብላ ፊቴን አየች። ጎንበስ ብላ ሙዝ ሰቀለችበት።

ለምን ብዬ ጠየቅኋት። እንዲህ ሲሆን ነው ልክ የሚባለው ብላ መለሰችልኝ። አልከፋትም፣ አላለቀሰችም፣ ሥራዋን ቀጠለች። ወደ ደጅ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ክብርት ሆይ፣ ስለ ሕፃናት አእምሮ ዕድገት የወሰዱት ሥልጠና የምስክር ወረቀት ከቢሮዎ ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሎ ስላየሁ፣ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ውኃ ወደ ወንዝ መውሰድ ይሆንብኛል። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ በጥር ወር የምታውቀውን ነገር በሚያዝያ ወር አታውቀውም ነበር። በዚህ መካከል የነበረችው ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽልማት አልጠይቅም፤ ካርዱም እንዳለ ይሁን። ማንኛውም ሰኞ ጠዋት፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ልጆቹ በሰልፍ ሳሉ፣ በዚያው ማይክሮፎን፣ ሲፈን ልክ እንደነበረችና እንሰት ሙዝ እንደማያፈራ እንዲነግሯቸው ነው። ፎም አይፈልግም፣ ሙጫ አይፈልግም፣ የወላጅ ትብብርም አያሻውም። ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ከዚያ በኋላ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፄን አይሰሙም፤ ቃሌ ነው።

ለዚህ ደብዳቤ ለሚሰጡኝ ማኅተም ከወዲሁ እያመሰገንሁ፣ እግርዎ እንዲሽርልዎ፣ እንግዳዎ እንዲበዛልዎ፣ ጠያቂ ልጅም ከደጃፍዎ እንዲርቅልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣ ማይክሮፎኑ በእጅዎ ሳለ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የቀረው ታዛዥዎ፣

ያረጋል፣ የሲፈን አባት
ቡታጅራ፣ ግንቦት ወር

ግልባጭ፦
ለመምህርት ፈቲሀ፣ ሕፃናቱ እስኪነቁ ድረስ እንዲያነቡት
ለአቶ ገሠሠ፣ ያዘዙን ሁለት ወር በሰው ትዕግሥት ማጣት ስለተቋረጠ ይቅርታ ለመጠየቅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የጉድጓዱን ነገር ስንነግራት ሲፈን ለሦስት ቀን አላነጋገረችንም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ጡረታ የወጡት የቀድሞ ጥበቃችሁ ጋሽ ሰይዶ በስልክ ቤታቸው ጠሩን። ያን የተቀበረ ሥር አውጥተው ጥለው ጉድጓዱን እንዲደፍኑ በታዘዙ ዕለት፣ ለመብቀል የተቀበረ እንሰት መጣል ነውር ነው ብለው በማዳበሪያ ከረጢት ቤታቸው ወስደው ከአጥራቸው ሥር መልሰው ቀብረውት ኖሯል። በቅሏል። ሲፈን ቡቃያዎቹን ቆጥራ አርባ ሦስት አለች፤ እኔ አርባ አንድ አግኝቼ ነበር፤ ዳግመኛ ስንቆጥር እሷ ልክ ሆነች። በመጀመሪያ እንደ ልማዷ ፊቴን አየች፤ ከሃያ በኋላ ረሳችኝ። ከሁሉ የሚያምረውን ራሷ መርጣ፣ ፍግ አልብሳ፣ ለእርስዎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልካለች፤ በቢሮዎ መስኮት ሥር ቢተክሉት ፀሐይ ያገኘዋል። ሙዝ ያፈራ ዕለት ይላኩብን፤ ልጄን ይዤ፣ ካርዷንም ይዤ፣ እንግዶችዎ ባሉበት ይቅርታ ልንጠይቅዎ እንመጣለን።